እማየን ጎንደር ይዘናት የሄድን ጊዜ

ፀሐይ የመታው ቅቤና ናፍታ አንድ ላይ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ድረስ እግሬ ይቆማል። ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩና የጎንደሩ መንገድ ከሚለያይበት መገንጠያ፣ የጭነት መኪኖች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ሲቆሙና ቅቤ ሻጮች ቅላቸውን አቅፈው በመኪኖቹ ጥላ ሲሰባሰቡ፣ ያ ሽታ መጥቶ ደረቴን ይመታኝና፣ ሽማግሌነቴን ረስቼ በኑግ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጎንደርን ለማየት የቸኮለ ልጅ እሆናለሁ።

እኔ ማንም ያላስተማረኝ ሰው ነኝ። ከየኔታ እግር ሥር አልተቀመጥሁም፣ የአስኳላ ደጃፍም አልረገጥሁም፤ ፊደልን የለየሁት ወረታ ከሚቆሙት መኪኖች ጎን ነው። ሾፌሮቹን «ይህ ምን ይላል?» እያልሁ፣ የነገሩኝን በእንጨት አፈር ላይ እየጻፍሁ፣ ከሰፈሬ ልጆች ሁሉ ቀድሜ ማንበብ ቻልሁ። ኋላም ሒሳቡን፣ ንግዱን፣ የሰው አያያዙን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተምሬ፣ እነሆ ዛሬ ወረታ ላይ ስሜን የማያውቅ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የምተርክላችሁ ነገር የተጀመረው ከዚሁ ንባቤ ስለሆነ ነው።

ቤታችን ቁሐር ሚካኤል ነበር። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው በሜዳው ላይ ይለቀቁና፣ ያ ሁሉ የግጦሽ መሬት ሐይቅ መስሎ፣ ከብቶቻችንን ወደ ከፍታው አሻግረን፣ ከጎረቤት ጋር የምንጠያየቀው በታንኳ ይሆን ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሲደበድበን አድሮ ንጋት ላይ ጋብ ሲል፣ ከቤታችን የማይጠፋ አንድ ድምፅ ነበር። እማየ ታናሽ እህቴን ስንዱን በጀርባዋ አዝላ፣ ከወፍጮው ፊት ተንበርክካ፣ መጁን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋች፣ የልጇን ስም እያስገባች ታንጎራጉር ነበር። ስንዱም በድንጋዩ ምት እየተወዛወዘች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር፤ እኔም አጎዛዬ ላይ ሆኜ እሰማና፣ ልነሣ ብዬ መልሼ እተኛ ነበር።

አንድ ክረምት ግን ወባው ከውሃው ጋር መጣ። ስንዱ ገና ወፌ ቆመች ተብላ መራመድ የጀመረች ነበረች፤ ትኩሳቱ ሳይለቃት ከረመና ነሐሴ ላይ አረፈች። ቤተ ክርስቲያኑን ውሃ ከቦት ስለ ነበር አባየ በነጠላ ጠቅልሎ ታንኳ ላይ አስተኝቷት፣ ብቻውን እየቀዘፈ ሲሄድ፣ እማየ ከውሃው ዳር ቆማ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ታንኳው ከዓይን እስኪሰወር ስታየው፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበርሁ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች «ኧረ አልቅሽ! አልቅሽና ይውጣልሽ» እያሉ ቢለምኗት አልሰማቻቸውም።

መስከረም ጠባ፤ ውሃው እየሸሸ ሄደ፤ ኑጉ አብቦ ከእኛ ደጃፍ እስከ ሐይቁ ድረስ ሜዳው ቢጫ ሆነ። በሌላ ዓመት ቢሆን እማየ እጄን ይዛ በአበባው መካከል ታሳልፈኝ ነበር። በዚያ ዓመት ግን «እንካ»፣ «ብላ»፣ «በሩን ዝጋው» ከማለት በቀር ንግግር አልነበራትም። ንጋት ላይ እንደ ወትሮዋ ትፈጭ ነበር፤ የሚሰማው ግን ድንጋይ ድንጋይን ሲፍቅ ብቻ ነበር። አባየ ከመደቡ ላይ ዓይኑን ከፍቶ ጣራውን እያየ ሲያዳምጥ እኔም እሱን እያየሁ አዳምጥ ነበር።

ውሃው ያሰመጠውን ጤፍ ትተን፣ በረጠበው መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ ዘርተን ኅዳር ሲገባ፣ የእማየ ወንድሞች ከይፋግ መጡ። ሁለቱም ጠመንጃቸውን ከምሰሶው አስደግፈው ተቀመጡና፣ ታላቁ እንዲህ አለ፦

«እኅታችንን የሰጠንህ ከነነፍሷ ነበር። ይህች እኮ ጥላዋ ነው የቀረ። እስከ ሁዳዴ ካልተሻላት፣ ወደ አባቷ ቤት እንወስዳታለን።»

«ልጄስ?» አለ አባየ፣ እኔን በእጁ እያሳየ።

«ልጅህ ያንተ ነው።»

እማየ ከጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። እምቢም እሺም አላለችም። ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነበር።

ታኅሣሥን በዚህ ጭንቀት አሳለፍን። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጎንደር ይዘናት እንሂድ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ጎንደርን የማውቃት በመኪና ጎን ተጽፋ ነበር፤ የምትጻፍ ከተማ ደግሞ የታመመ ሰው እንደማታድን ማን ይነግረኛል? «አባየ፣ እማየን ጎንደር እንውሰዳት» አልሁት። አባየ ሳቀብኝ። ነገር ግን የነፍስ አባታችን ሰምተው «ልጁ መልካም ተናገረ፤ አገር ትይ፤ የሀዘን ዓይን ሌላ ነገር ሲያይ ይለዝባል» ስላሉ፣ አባየ ከሳቁ ተመለሰ። ወንድሞቿ ዘንድም መልእክት ላከ፦ ሁለቱን ሰንበቶች ጎንደር አሳያታለሁ፤ ስንመለስ ይፋግ መውረድ ከፈለገች ራሴ አወርዳታለሁ።

ቅዳሜና እሁድ እንደዛሬው የመዝናኛ ቀን ስለሆነ አልነበረም የመረጥነው፤ በሁለቱ ሰንበቶች በሬ ስለማይጠመድ አባየ ሥራ አይፈታም ነበርና ነው። የገንዘባችን ነገር ሲነሣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ጎረቤታችን ይርዳው፣ በሰው ነገር ገብቶ መሳቅ የሚወድ ሰው፣ አጥራችንን ተደግፎ፣

«ባዶ ኪስ ይዘህ ጎንደር? ምን ልትበላ ነው፣ ግንቡን?» አለው።

«ሰው የሌለበት አገር ነው እንዴ የምሄደው?» አለ አባየ። «ሲመሽብኝ ቤቶች ብዬ እጣራለሁ።»

እውነትም በእኛ አገር ሌላ መንገድ አልነበረም። መንገደኛ መሽቶበት ከደጅህ ቆሞ ከተጣራ ታስገባዋለህ፣ እግሩን ታጥበዋለህ፣ ያለህን ታቀርብለታለህ፣ እሱም የመጣበትን አገር ወሬ ነግሮህ፣ በጠዋት መርቆህ ይሄዳል። አባየ ጠጅ እንደሚሸጥ ያውቅ ነበር፤ ሻይም እንደሚሸጥ ወረታ ላይ አይቷል። የምሽት መኝታ ይሸጣል ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም። ስለዚህ ለመመለሻ መኪናና ለጥቂት ነገር የምትሆን ሳንቲም በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ፣ በሶና ቆሎ በስልቻ አሲዞን፣ ጋቢውን በእንዶድ አሳጥቦ ተነሣን። እማየ የሀዘን ከሏን እንደ ለበሰች ነበር። እንሂድ ሲላት እሺ አለች፤ አትሂጂ ቢላትም ኖሮ እሺ የምትል ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወረታ ደረስን። አባየ የኑጉን ጆንያ እሱ ሊጭንና ጎንደር ሲደርስ ሊያወርድ ከሾፌሩ ረዳት ጋር ተስማምቶ፣ እማየና እኔ በነፃ፣ ከቅቤ ነጋዴዎቹ ሴቶች ጋር ከጭነቱ አናት ላይ ወጣን። ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ቅቤው በቅሉ አፍ እየቀለጠ፣ ናፍታው እየጨሰ፣ አቧራው ቅንድባችንን እያነጣው፣ እኔ ለማልፋቸው ድንጋዮች ሁሉ ስም እያወጣሁ ተጓዝን። ከሴቶቹ አንዷ እማየን «ምነው ዝም አልሽ፣ የኔ እመቤት? መኪናው አዞረሽ?» አለቻት። እማየ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የይፋግ ዛፎች በሩቁ ሲታዩ ብቻ፣ አንገቷን አዙራ፣ እስኪያልፉን ድረስ ወደ አባቷ አገር ስታይ ቆየች። አባየ ይህን አይቶ ጆንያውን ጨብጦ ያዘ።

ጎንደር የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አባየ ኑጉን አውርዶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ መሐል ከተማ ወጣን። ጣሊያን የሠራቸው ፎቆች፣ መስታወት የተደረገላቸው ሱቆች፣ ደግሞ በየምሰሶው ላይ በድንገት ቦግ ያለው መብራት! እኔ ጽሑፍ ባየሁበት ሁሉ እየቆምሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር፤ የከተማው ልጆች እንኳ ዘወር ብለው ያዩኝ ነበር። እየመሸ ሲሄድ አባየ ከቤቶቹ ሁሉ ደጉን መረጠ፤ ደግ መሆኑን ያወቀው በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተና ውስጡ ሰው እየበላ ስለነበር ነው። ከደጃፉ ቆሞ፣ ዱላውን ተደግፎ፣

«ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን!» አለ።

ሽርጥ የታጠቀች ወፍራም ሴት ብቅ አለችና ሳቅ እያለች፣ «ግቡ፣ ግቡ! ቤት ለእንግዳ!» አለችን።

አባየ ወደ እማየ ዞሮ «አላልሁሽም?» በሚል ዓይን አያት። ገባን፤ ወንበር ቀረበልን፤ የእጅ ውሃ መጣልን።

«ምን ይምጣላችሁ?» አለች ሴትየዋ።

«ያላችሁን! እኛ መራጮች አይደለንም» አለ አባየ።

ጥብስ መጣ። አባየ የሰው ቤት እህል እንዳይንቅ በደንብ በላ፤ ቤቱን መረቀ፤ የፎገራን ወሬ፣ ውሃው ስንት ማሳ እንዳሰመጠ፣ ከብቱ እንዴት እንደከረመ፣ ከጎን ለተቀመጡት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ፤ የእንግዳ ወጉ ነውና። ሴትየዋ ስትመለስ፣ «እኛን መደብም ይበቃናል፤ አትቸገሩ» አላት።

«አልጋ አለ እንጂ! አንድ ይሁን ሁለት?»

አባየ ወደ እማየ ጠጋ ብሎ፣ «አልጋቸውን ለቀው እነሱ የት ሊተኙ ነው? ምን ያሉ ደጎች ናቸው!» አለ በሹክሹክታ። ሴትየዋ ግን የአልጋውን ዋጋ፣ ቀጥላም የጥብሱን ነገረችው።

አባየ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «መኝታ? መኝታ ትሸጣላችሁ?» አለ።

«ታዲያ ምን ልናደርገው ኖሯል?»

ከጎናችን ጠጅ የያዘ ሰው፣ «አባባ፣ እንቅልፍዎን ከአገርዎ ይዘው ከመጡ እኮ የሚከፍሉ ለአልጋው ብቻ ነው!» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሴትየዋም ሳቀች፤ ክፋት አልነበረባትም። አባየ የጋቢውን ጫፍ ፈትቶ የጥብሱን ከፈለ፣ ከዚያች ቋጠሮ የቀረችው መመለሻችንና ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች፤ ዱላውን አንሥቶ ወጣ። አባየን በሜዳው ላይ በሬ የሚፈራው፣ ሽማግሌ የሚሰማው ሰው አድርጌ ነበር የማውቀው። በዚያ መብራት ሥር ትከሻው ወርዶ ሲሄድ ሳየው፣ እንዲያ ያለ ሰው እንዳልነበረ ሁሉ ሆኖ ታየኝ። እማየም አየችው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው።

ቁልቁለቱን ይዘን ከመብራቱ ወጥተን፣ የሣር ቤቶች ወዳሉበት ወረድን። አባየ በየደጃፉ ቆም ይላል፣ አፉን ይከፍታል፣ መልሶ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ብልሃቴ የታየው። ኩራዝ ከሚታይባት አንዲት ጎጆ ፊት ቆሜ፣ የአባየን ድምፅ አስመስዬ፣

«ቤቶች! የመሸብን ነን!» ብዬ ጮህሁ።

«ማን ነህ?» የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

«ከፎገራ ነን! መኝታ የምትሸጡ ከሆነ ግን እናልፋለን!»

ሳቅ ተሰማ፤ በሩ ተከፈተ። «ከዚያ ከውሃው አገር? ግቡ እባካችሁ፤ ብርዱ ሳይገባ ግቡ።»

እትየ ዘነቡ ይባሉ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ለጠላ ሻጮች ብቅል እየፈጩ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነበረች፤ መደብ፣ ምድጃ፣ በጥጉ ደግሞ ትልቅ ወፍጮና ያልተፈጨ ብቅል የተሞላ ቁና። ውሃ አሙቀው የአባየን እግር አጠቡ፣ የእኔን አጠቡ፤ ወደ እማየ ሲደርሱ ከሉን አይተው ውሃውን ቀስ አድርገው እያፈሰሱ፣

«ልጃችሁ ይኸ ብቻ ነው?» አሉ።

«ነበረችን» አለ አባየ።

እትየ ዘነቡ ሌላ አልጠየቁም። የእማየን እግር አጥበው ሲያበቁ፣ ውሃ ጨምረው እንደ ገና አጠቡት። ያላቸው የዳጉሳ እንጀራና ጎመን ነበር፤ እኛ ጠግበን ስለመጣን አባየ እያፈረ በላ። መደቡን ለእማየና ለእኔ ለቀው፣ እሳቸው ከምድጃው ጥግ ተኙ።

እሁድ ቅዳሴ አስቀድሰን ከተማውን ዞርን። በባዶ ኪስ ከተማ እንዴት እንደሚታይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ከቤት ጠግበህ ትወጣለህ፣ ከሱቅ ደጃፍ ትቆማለህ እንጂ አትገባም፣ ዘፈን ካለበት ሻይ ቤት ትይዩ ግንብ ፈልገህ ትቀመጣለህ። እኛም በሶአችንን በጥብጠን ጠጥተን፣ የነገሥታቱን ግንብ ከውጭ በአጥሩ ዙሪያ ዞርነው፤ አባየ ድንጋዩን በመዳፉ እየመታ «ይህን የጠረበ ሰው እጁን አልቆጠበም» ይል ነበር። ከሻይ ቤት የሚወጣውን የሸክላ ዘፈን፣ ወጪና ወራጁ እስኪያውቀን ድረስ ቆመን ሰማን። አባየ ከቀረችው ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ገዝቶ ለሦስት ጠጣን፤ እኔ በመጨረሻ ላይ ከታች የቀረውን ስኳር ላስሁ።

ከአንድ ሱቅ መስታወት ፊት ግን እማየ ቆመች። በሱፍ የተሠራ የሕፃን ቆብ ተሰቅሎ ነበር። አባየ ክንዷን ሊይዛት እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። ሰው እያለፈ፣ እኛ እሷን እየጠበቅን፣ እሷ ቆቡን እያየች ቆየን። ከመስታወቱ ስትመለስ ፊቷ ያው የቀድሞው ነበር፤ አባየም የዚያን ቀን ከተማውን ማየት ተወ፤ የሚያየው እሷን ብቻ ሆነ።

ሲመሽ መብራቱ እንደ ገና ቦግ ሲል እማየ ቀና አለች።

«ዘይቱን ማን ነው የሚጨምርበት?» አለች።

ከክረምት ወዲህ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። አባየ ወደኔ ዞረ። እኔም ከቶ ሳልደናገር፣ «ዘይቱ በሽቦ ውስጥ ነው የሚመጣ፣ እማየ፤ ሽቦው ባዶ ነው ውስጡ» አልኋት። የሚገርመው የከተማ ሰዎች ሰምተውኝ አልተቃወሙም። እማየ ሽቦውን ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በዓይኗ ተከትላ፣ «ይፈሳል እኮ» አለች። አባየ ግን፣ እትየ ዘነቡ ቤት ተመልሰን ስናድር፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያች ቃል ሲገላበጥ አደረ።

ሰኞ ንጋት ላይ መኪናው ሳይሄድብን ልንነሣ ጓዛችንን ሰበሰብን። አባየ ቅዳሜ ማታ የደረሰበት ውርደት ገና በሆዱ ነበር፤ የከተማን ሥርዓት እንደተማረ ሰው፣ ከመመለሻው የተረፈችውን ሳንቲም ከቋጠሮው አውጥቶ ከመደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። እትየ ዘነቡ አዩት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ለ… ለማደሪያው ነው፤ የከተማው ደንብ እንደሆነ…»

«ለማደሪያው?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እግርህን ያጠብሁት ለሳንቲም ኖሯል? ሚስትህን በመደቤ ያስተኛኋት ሸጬላት ኖሯል? ቤቴን ምን ቤት አደረግኸው?»

«ኧረ እናቴ! ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ ባላገር ነኝ፣ አላወቅሁም…»

«ባላገር ስለሆንህማ ነው ያስገባሁህ! ውጡልኝ። ሳንቲምህንም ይዘህ ውጣ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ።

አባየ ሳንቲሙን ቢያነሣው ንቀት፣ ቢተወው ስድብ ሆኖበት፣ እጁ መካከል ላይ ቀረ። ሁለቱም ቤት፣ የሚሸጠውም የማይሸጠውም፣ አዋረደው። እኔም እንኳ፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው፣ ስልቻውን አንሥቼ ወደ በሩ ዞርሁ። ምርቃት ሳይቀበሉ ካስተናገደ ሰው ቤት መውጣት በእኛ ዘንድ የክፉ ክፉ ነበር፤ እኛ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ምርቃት የሚያስፈልገን ሰዎች ነበርን።

ያን ጊዜ እማየ ነጠላዋን አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው። ማንንም ሳታይ አልፋን ሄዳ፣ ከወፍጮው ፊት ተንበርክካ፣ ብቅሉን ከቁናው በእፍኟ እየዘገነች ጣለችና መጁን ጨበጠች።

«ተይ፣ መንገድ አለብሽ» አሉ እትየ ዘነቡ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

እማየ መፍጨት ጀመረች። ድንጋዩ የሰው ድንጋይ ነበርና በመጀመሪያ አስቸገራት፤ ጥቂት ቆይቶ ተገራላት፣ ትከሻዋ መሄድና መምጣት ያዘ። እኔ ያ የለመድሁት ደረቅ ድምፅ ነው ብዬ ወደ ደጅ ልወጣ ስል፣ ከድንጋዩ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ሰንብቶ የተዘጋ ጉሮሮ ነበርና ሻክሮ ነበር የወጣው፦

«ጎንደር አየሁልሽ፣ ፎቁን ከመብራቱ፤
አንቺ ያላየሽው፣ ምን ሊሆን ውበቱ።
ስንዱ… ስንዱ…»

የእኅቴን ስም ከነሐሴ ወዲህ ከአፏ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እንባዋ ብቅሉ ላይ እየወረደ፣ እጇ ሳያቆም፣ ደጋግማ ጠራቻት። እትየ ዘነቡ ዞሩ። ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ከጎኗ ተንበርክከው፣ ብቅሉን እየዘገኑ ከመጁ ፊት ይጨምሩላት ጀመር፤ ኋላም የሷን ግጥም እየተቀበሉ አብረው አንጎራጎሩ። ማንን እያሰቡ እንደሚያለቅሱ አላውቅም፤ እሳቸውም ነበራቸው መሰለኝ።

አባየ ሳንቲሙን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ወደ ቋጠሮው መለሰ። ከውጭ የመኪናው ጥሩንባ ሲጮህ ሰማን። ወደ አባየ ተመለከትሁ፤ እሱ ግን ምሰሶውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። መኪናው ደጋግሞ ጮኸና ሄደ። ቁናው እስኪጎድል ድረስ ከዚያ ቤት የተነቃነቀ አልነበረም። ስንወጣ እትየ ዘነቡ እማየን ግንባሯን ስመው፣ አባየን «አንተ ሞኝ!» ብለው ትከሻውን መትተው፣ እኔን ምራቃቸውን ቱፍ ቱፍ ብለውብኝ መረቁን። ያ ምርቃት እንደደረሰልኝ አኗኗሬን ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

የተሳፈርነው ከሰዓት በኋላ በሄደ ሌላ መኪና ነው። የይፋግ ዛፎች ሲመጡ አባየ ለመነሣት ጉልበቱን ሰበሰበ፤ ቃል ሰጥቷልና የሾፌሩን ጣራ መትቶ ማስቆም የሱ ፋንታ ነበር። እጁ ወደ ላይ ሲነሣ እማየ ጋቢውን ይዛ ሳበችው።

«አያስቁሙት» አለችው። ጥቂት ቆይታም፣ «ጓያው አረም ሳይበላው ብንደርስ ነው የሚሻል» አለች።

አባየ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ዓይኑን ሲጠርግ፣ አቧራ ነው አለን። ዛፎቹ ወደኋላ ቀሩ።

ዛሬ ከወረታ ጎንደር አንድ ጠዋት ሳይሞላ ይደረሳል፤ ሜዳው ሩዝ ሆኗል፣ መገንጠያው ባጃጅ ሆኗል። የልጅ ልጆቼ ቅዳሜና እሁድን ጎንደር አሳልፈው ሲመለሱ፣ በስልካቸው የበሉትን፣ የተኙበትን አልጋ፣ የታጠቡበትን ክፍል ያሳዩኛል። ጥሩ ነው፤ ጥሩ አይደለም ማለት አልችልም፤ ገንዘቡንም የምሰጣቸው እኔ ነኝ። «ማን ቤት አደራችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን ይስቁብኛል፤ የሆቴሉን ስም ይነግሩኛል። የማን ልጆች ናችሁ ብሎ የጠየቃቸው እንደሌለ፣ እነሱም እንዲጠየቁ እንዳልጠበቁ አየሁ።

እኔ ከመንገዱ ዳር፣ ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያበራ፣ እንደሱ ያለ በወረታ ጥቂት የሆነ ቤት ሠርቻለሁ። ስሠራው አንዱን ክፍል ለእንግዳ ብዬ በሩን ወደ መንገዱ አድርጌዋለሁ፤ አልጋ አለው፣ ንጹሕ አንሶላ አለው፣ የእግር ውሃ የሚሞቅበት ማሰሮም አለው። እማየ በሕይወት ሳለች አንሶላውን እሷ ነበረች የምታጥበው። አመሻሽ ላይ ከደጃፉ እቀመጣለሁ። መኪናው ብዙ ነው፣ ሰዉም ብዙ ነው፤ ሁሉም የሚያድርበትን አስቀድሞ ከፍሎ ያልፋል።